የጎደለ ላይብረሪ በሶፍትዌር ግንባታ

በሶፍትዌር ግንባታ የጎደለ ላይብረሪ የሚባለው አንድ ፕሮግራም ከሶርስ ኮዱ ሲገነባ ወይም ከተገነባ በኋላ ሲከፈት የሚያስፈልገው ሆኖ ሳለ ያልተገኘ ሌላ ኮድ ነው። ፕሮግራሙ በዚያ ኮድ ላይ ስለሚደገፍ ግንኙነቱ ጥገኝነት ይባላል። ችግሩ በሲ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ፣ በፓይተን፣ በጃቫስክሪፕትም ሆነ በሌሎች ቋንቋዎች ያጋጥማል። ከኢንተርኔት ያወረደውን ሶርስ ኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመገንባት የሞከረ ተማሪም ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገጥመው እንቅፋት ይኸው ነው።

«አልተገኘም» እና «የለም» አንድ አይደሉም። ላይብረሪው ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ፈላጊው መሣሪያ በሌላ ፎልደር ሊፈልገው ይችላል። ግማሹ ተጭኖ ግማሹ ሊቀር ይችላል፤ ያለው እትም የተፈለገው ላይሆንም ይችላል። ስለዚህ የስህተት መልእክት ሲመጣ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ይሻሉ፦ የፈለገው ማን ነው? የፈለገው ምን ነበር? የፈለገው የት ነው? እነዚህ ሳይመለሱ የተገኘውን ፓኬጅ ሁሉ መጫን ዳታ ይጨርሳል፤ አንዳንዴም ደህና የነበረውን ሲስተም ያበላሻል።

ከዚህ በታች ያሉት ምሳሌዎች በአብዛኛው ከሊኑክስ የተወሰዱ ናቸው። የትእዛዞችና የፋይሎች ስም በድምፃቸው ተጽፏል፤ ተርሚናል ላይ ግን በላቲን ፊደል ይገባሉ።

ላይብረሪ ምንድን ነው?

ላይብረሪ ብዙ ፕሮግራሞች እንዲጋሩት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ቤተ መጻሕፍት ማለት ቢሆንም በአማርኛ የኮምፒዩተር ተማሪዎች «ላይብረሪ» ብለው ይጠሩታል፤ ይህም የግቢውን ቤተ መጻሕፍት ከኮዱ ለመለየት ይጠቅማል። ስያሜው ግን ያለ ምክንያት አልመጣም። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1949 ሥራ የጀመረው ኤድሳክ የተባለው ኮምፒዩተር ተደጋጋሚ ስሌቶችን የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች ነበሩት፤ እነሱም በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ተመዝግበው ይቀመጡ ነበር። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የሚፈልገውን ጥብጣብ ከስብስቡ ወስዶ ከራሱ ሥራ ጋር ይገለብጠዋል። ሞሪስ ዊልክስ፣ ዴቪድ ዊለር እና ስታንሊ ጊል ይህን አሠራር የገለጹበት መጽሐፍ በ1951 ታትሟል።

የዛሬው ላይብረሪ ከዚያ በብዙ ይለያል። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ዚሊብ ነው። ዣን-ሉ ጋዪ እና ማርክ አድለር የጻፉት ይህ ላይብረሪ በ1995 ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን መረጃን አምቆ ያሳንሳል፣ የታመቀውንም ይፈታል። ፒኤንጂ የተባለው የምስል ዓይነትም ሆነ ጊት የተባለው የኮድ መዝገብ መያዣ መረጃቸውን በዚሁ የማመቂያ ዘዴ ያከማቻሉ። አንድ ፕሮግራም ዚሊብን ለመጠቀም ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንዱ ሄደር ፋይል ነው፤ በላይብረሪው ውስጥ ምን ምን ፈንክሽን እንዳለና እንዴት እንደሚጠራ ይናገራል። ሁለተኛው ሥራውን የሚሠራው፣ ወደ ማሽን ቋንቋ የተቀየረው የላይብረሪው ፋይል ነው። በሊኑክስ ላይ ይህ ፋይል ሊብዚ.ኤስኦ ይባላል። ሁለቱ የሚቀመጡት በተለያየ ፎልደር ነው፤ የሚፈልጋቸውም የተለያየ መሣሪያ ነው።

ሄደሩ ሲጠፋ

ኮምፓይለሩ አንድን የሲ ፋይል ሲተረጉም መጀመሪያ የሚያስገባው ሄደሮቹን ነው። ጂሲሲ «ዚሊብ.ኤች የሚባል ፋይል ወይም ዳይሬክተሪ የለም» የሚል መልእክት አውጥቶ ካቆመ የፈለገው ኮምፓይለሩ ነው፣ የፈለገውም ሄደሩን ነው። ሥራው ገና ላይብረሪው ጋ አልደረሰም።

እዚህ ላይ ጀማሪን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ተማሪው ፓኬጅ ማኔጀሩን ሲጠይቅ ዚሊብ አስቀድሞ ተጭኗል የሚል መልስ ያገኛል። መልሱ እውነት ነው። ዴቢያን፣ ኡቡንቱ እና የነሱ ዘመዶች ግን አንዱን ላይብረሪ ለሁለት ፓኬጅ ይከፍሉታል። ዚሊብ1ጂ የተባለው ፓኬጅ የተሠሩ ፕሮግራሞችን ለማስነሳት የሚበቃውን ፋይል ብቻ ይይዛል። ሄደሩና ለግንባታ የሚያስፈልጉት ሌሎች ፋይሎች ያሉት ስሙ በ«ዴቭ» በሚያልቀው በዚሊብ1ጂ-ዴቭ ውስጥ ነው። በፌዶራና በሬድ ሃት ቤተሰብ የመለያው መጨረሻ «ዴቨል» ነው። ለመከፈሉ በቂ ምክንያት አለ፤ ፕሮግራም የማይገነባ ሰው፣ ማለትም አብዛኛው ተጠቃሚ፣ የማይከፍታቸው ሄደሮች ዲስኩን ሊሞሉበት አይገባም። «ጭኜዋለሁ፣ ግን አላገኘውም ይላል» ለሚለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ መልሱ ይህ ነው።

ሌላው ችግር የስም ነው። ፕሮጀክቱ ዚሊብ፣ ሄደሩ ዚሊብ.ኤች፣ የላይብረሪው ፋይል ሊብዚ፣ ፓኬጁ ደግሞ ዚሊብ1ጂ-ዴቭ ይባላል። ከአንዱ ስም ተነስቶ ሌላውን መገመት ስለሚከብድ ግምቱን ለመሣሪያ መተው ይሻላል። በዴቢያንና በኡቡንቱ አፕት-ፋይል የተባለው መሣሪያ የፋይል ስም ተሰጥቶት የትኛው ፓኬጅ ውስጥ እንዳለ ይናገራል፤ ራሱ ግን በቅድሚያ መጫንና ዝርዝሩን ማውረድ አለበት። በፌዶራ «ዲኤንኤፍ ፕሮቫይድስ» ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል።

ሄደሩ ኮምፒዩተሩ ላይ ካለና ኮምፓይለሩ ካላየው ጥያቄው ወደ «የት» ይዞራል። ጂሲሲ የተወሰኑ የታወቁ ፎልደሮችን ብቻ ያያል፤ ሌላ ቦታ ያለውን «ሰረዝ አይ» በተባለው ምልክት ማሳየት ያስፈልጋል። ትክክለኛውን ምልክት በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ፒኬጂ-ኮንፊግን መጠየቅ ይቻላል፤ ይህ ትንሽ መሣሪያ በዴቭ ፓኬጁ ውስጥ የሚመጣ የመግለጫ ፋይል አንብቦ ሄደሩም ላይብረሪው የት እንዳሉ ይመልሳል።

ሊንከሩ ሲያማርር

ሁሉም ፋይሎች ከተተረጎሙ በኋላ ሊንከር የተባለው መሣሪያ ቁርጥራጮቹን ወደ አንድ ፕሮግራም ያገጣጥማል። የሊንከር ስህተት ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱን መለየት ብዙ ሰዓት ያተርፋል።

አንደኛው «ሰረዝ ኤል ዚን ማግኘት አልቻልኩም» የሚል ነው። «ሰረዝ ኤል» ላይብረሪ ጨምር የሚል ትእዛዝ ሲሆን ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው «ሊብ» የሚለው ቅድመ ቅጥያ የተቆረጠለት የላይብረሪ ስም ነው፤ ስለዚህ የተፈለገው ሊብዚ የተባለው ፋይል ነው ማለት ነው። እዚህ ፋይሉ ራሱ አልተገኘም። ብዙ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ሊብዚ.ኤስኦ.1 ሲሆን ሊንከሩ የሚፈልገው መጨረሻው ቁጥር የሌለው ሊብዚ.ኤስኦ ነው፤ ይህ ቁጥር አልባ ስም የሚመጣውም በዴቭ ፓኬጁ ውስጥ ነው። ሊንከሩ የማይስማማ ላይብረሪ አልፌ ሄድኩ የሚል ማስታወሻ ከጨመረ ደግሞ ፋይሉን አግኝቶታል፤ ፋይሉ ግን ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር የተሠራ ነው፤ ለምሳሌ ፕሮግራሙ 64 ቢት ሆኖ ላይብረሪው 32 ቢት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ዓይነት የአንድን ፈንክሽን ስም ጠርቶ «ያልተፈታ ማጣቀሻ» ይላል። በዚህ ጊዜ የጠፋ ፋይል የለም። ሊንከሩ በተሰጡት ፋይሎች ሁሉ ፈልጎ ያን ፈንክሽን አላገኘም። የሲ ቋንቋ ተማሪዎች ከማንም አስቀድመው የሚያውቁት ምሳሌ የሂሳብ ላይብረሪው ነው። ማትዝ.ኤች የተባለው ሄደር ገብቷል፣ ኮምፓይለሩም ተስማምቷል፣ ሆኖም ሊንከሩ የካሬ ሥር ፈላጊውን ፈንክሽን አላገኘሁም ይላል። ሄደር ማስገባት ፈንክሽኑ እንዴት እንደሚጠራ ያስታውቃል እንጂ ፈንክሽኑን አያመጣም፤ በሊኑክስ ላይ «ሰረዝ ኤል ኤም» ተብሎ ሊብኤም መጨመር አለበት። ይህን ስህተት ይበልጥ የሚያደናግረው አልፎ አልፎ መጥፋቱ ነው። የ2 ካሬ ሥር ተብሎ ቁጥሩ በኮዱ ውስጥ በቀጥታ ከተጻፈ ጂሲሲ መልሱን በትርጉም ጊዜ አስልቶ ስለሚያስቀምጠው ላይብረሪው ሳይጨመርም ፕሮግራሙ ይሠራል። ቁጥሩ ከተጠቃሚ የሚቀበል ተለዋዋጭ ሲሆን ግን ያው ኮድ ይወድቃል።

ቅደም ተከተልም ለውጥ ያመጣል። የሊኑክስ ሊንከር የተሰጠውን ዝርዝር ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል፤ ላይብረሪ ላይ ሲደርስ እስከዚያ የተጠየቀውን ብቻ ያነሳል። ላይብረሪው ከሚፈልገው ፋይል በፊት ከተጻፈ ገና ማንም ስላልጠየቀው ይታለፋል። በስታቲክ ላይብረሪዎች ይህ ሁሌም ይከሰታል፤ ኡቡንቱ ደግሞ አስፈላጊ ያልሆኑ የጋራ ላይብረሪዎችን እንዲተው አድርጎ ሊንከሩን ስላዘጋጀው በእነሱም ላይ ይታያል። በአንድ ዲስትሪቢውሽን የሚሠራ ትእዛዝ በሌላው የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ መፍትሔውም ላይብረሪዎቹን ወደ ትእዛዙ መጨረሻ ማዛወር ብቻ ነው።

ኮንፊገር እና ሲሜክ

ትልልቅ ፕሮጀክቶች ግንባታው ከመጀመሩ በፊት የሚያስፈልገው ሁሉ መኖሩን ያጣራሉ። ኮንፊገር የተባለው ስክሪፕት የሚያጣራበት መንገድ ቀላል ነው፤ ላይብረሪውን የሚጠራ ጥቂት መስመር ያለው ፕሮግራም ጽፎ ለመገንባት ይሞክራል። ከተገነባ «አለ»፣ ካልተገነባ «የለም» ይላል። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። ሙከራው በሌላ ምክንያት ቢወድቅ፣ ለምሳሌ ላይብረሪው ራሱ የሚደገፍበት ሌላ ላይብረሪ ቢጎድል፣ ስክሪፕቱ ጥፋቱን በመጀመሪያው ላይ ይጥላል። እውነተኛው መልእክት ኮንፊግ.ሎግ በተባለው ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል። ፋይሉ ረጅም ነው፣ መልኩም አይጋብዝም፤ ነገር ግን የላይብረሪውን ስም ፈልጎ ከሥሩ ያለውን ስህተት ማንበብ ከማንኛውም ግምት የተሻለ ነው።

ሲሜክ በበኩሉ ያገኘውን የፋይል አድራሻ በማስታወሻ ፋይል ይይዛል። ላይብረሪው ከዚያ በኋላ ቦታ ቢቀይር ወይም ሌላ እትም ቢጫን የቆየው አድራሻ ይቀራል። የግንባታ ፎልደሩን አጥፍቶ እንደገና መጀመር እዚህ ላይ ሰነፍነት ሳይሆን ትክክለኛ እርምጃ ነው።

ተገንብቶ የማይነሳ ፕሮግራም

የጋራ ላይብረሪ የሚጠቀም ፕሮግራም በተከፈተ ቁጥር ሎደር የተባለው የሲስተሙ ክፍል ላይብረሪዎቹን እንደገና ይፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ኮምፒዩተር በሰላም የተገነባ ፕሮግራም በሌላው ላይነሳ ይችላል። በሰፊው የታየው ምሳሌ ኦፕንኤስኤስኤል ነው። በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ኡቡንቱ 22.04 ኦፕንኤስኤስኤል 3ን ይዞ ሲመጣ የቀድሞውን 1.1 ከማከማቻው አስወጣ። በቀድሞው ሲስተም ላይ የተገነቡ ፕሮግራሞች ሊብኤስኤስኤል.ኤስኦ.1.1ን እየጠየቁ አልነሳም አሉ።

ለዚህ ችግር ብዙ ጊዜ የሚሰጥ አደገኛ ምክር አለ፦ ለአዲሱ ፋይል በአሮጌው ስም ሲምቦሊክ ሊንክ ፍጠር። በፋይሉ ስም መጨረሻ ያለው ቁጥር ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። ላይብረሪው ከፕሮግራሞች ጋር የሚግባባበት ውል ሲለወጥ ይህ ቁጥርም ይለወጣል። ስሙን በማስመሰል የተታለለ ሎደር ፕሮግራሙን ሊያስነሳ ቢችል እንኳ ፈንክሽኖቹ የሚጠብቁት የመረጃ አቀማመጥ ሊለያይ ስለሚችል ፕሮግራሙ መሃል ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሳይወድቅ የተሳሳተ ውጤት የሰጠ እንደሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ላይብረሪው የምስጠራ ሥራ የሚሠራ ሲሆን እንዲህ ያለው ጨዋታ ከቶ አይመከርም። ሶርስ ኮዱ ካለ ፕሮግራሙን በአዲሱ ላይብረሪ እንደገና መገንባት፣ ከሌለም ከአቅራቢው ለአዲሱ ሲስተም የተዘጋጀውን እትም መውሰድ ይገባል።

አንድ ፕሮግራም የትኞቹን ላይብረሪዎች እንደሚፈልግና የትኞቹ እንዳልተገኙ ለማየት ኤልዲዲ የተባለው ትእዛዝ ያገለግላል። ሆኖም ኤልዲዲ አንዳንድ ጊዜ ፕሮግራሙን ራሱን ሊያስነሳ ስለሚችል ምንጩ በማይታመን ፕሮግራም ላይ መጠቀም አይገባም፤ ኦብጅዳምፕ የተባለው መሣሪያ ፋይሉን ሳያስነሳ በቀጥታ የሚጠይቃቸውን ላይብረሪዎች ያሳያል። ላይብረሪው ከሶርስ ኮድ ተገንብቶ «ሎካል» በተባለው የሲስተሙ ፎልደር ሥር ከተቀመጠ ደግሞ ሎደሩ በያዘው ዝርዝር ውስጥ ገና ላይኖር ይችላል። ኤልዲኮንፊግን በአስተዳዳሪ ሥልጣን አንድ ጊዜ ማስኬድ ዝርዝሩን ያድሳል።

ድምፅ የማያሰማው ጉድለት

እስካሁን የተጠቀሱት ስህተቶች ቢያንስ ይናገራሉ። ፓይተንን ከሶርስ ኮድ የገነባ ሰው የሚገጥመው ግን ሌላ ነው። ፓይተን ዚሊብን የሚጠቀመውን ሞጁል እንደ አማራጭ ይቆጥረዋል። ሄደሩ ካልተገኘ ግንባታው አይቆምም፤ በመጨረሻ ላይ ያልተገነቡ ሞጁሎችን ስም ዘርዝሮ ይቀጥላል። ዝርዝሩ ከሺህ መስመሮች በኋላ ስለሚመጣ ብዙ ሰው አያየውም። ጉድለቱ የሚታወቀው ፒፕ የሚባለው የፓኬጅ መጫኛ ሲገባ ነው፤ የታመቁ ፋይሎችን መፍታት ስለማይችል ዚሊብ የለም ብሎ ይቆማል። በተመሳሳይ የሊብኤፍኤፍአይ የዴቭ ፓኬጅ ሳይኖር የተገነባ ፓይተን ሲታይፕስ የተባለው ሞጁል ሲጠራ ይወድቃል።

የዴቭ ፓኬጁን አሁን መጫን ብቻውን አይበቃም። የተገነባው ፓይተን ሞጁሉን በውስጡ ስለሌለው ፓይተን ራሱ እንደገና መገንባት አለበት። ይህን ያላወቀ ሰው ፓኬጁን እየነቀለ እየተከለ ቀኑን ሊጨርስ ይችላል።

ፒፕ ራሱም ኮምፓይለር የሚጠራበት ጊዜ አለ። ብዙ የፓይተን ፓኬጆች ዊል በተባለ ተገንብቶ ባለቀ መልክ ይቀርባሉ። ለተጠቃሚው የፓይተን እትም ወይም ፕሮሰሰር የተዘጋጀ ዊል ከሌለ ፒፕ ሶርስ ኮዱን አውርዶ መገንባት ይጀምራል፤ ፓይተን.ኤች አልተገኘም የሚለው መልእክትም የሚመጣው ያኔ ነው። ገና ትናንት በወጣ የፓይተን እትም የሚሠራ ሰው ይህን ደጋግሞ ያያል። የፓይተንን የዴቭ ፓኬጅ ከመጫን ይልቅ ዊል ወዳለው እትም አንድ ደረጃ መውረድ ቀላሉ መንገድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዊንዶውስ እና ኤንፒኤም

በዊንዶውስ የጋራ ላይብረሪዎች ዲኤልኤል ይባላሉ። ቪሲረንታይም140.ዲኤልኤል አልተገኘም የሚለው መልእክት የሚፈታው ማይክሮሶፍት በነፃ የሚያቀርበውን የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ማሟያ በመጫን ነው። ነጠላ ዲኤልኤል ከሚያድሉ ድረ ገጾች ማውረድ ቫይረስ ወደ ቤት መጋበዝ ሊሆን ይችላል፤ የወረደው ፋይል ንጹህ ቢሆን እንኳ እትሙና የቢት መጠኑ መስማማቱን የሚያረጋግጥ የለም።

በጃቫስክሪፕት ዓለም ላይብረሪዎች ከኤንፒኤም ማከማቻ በግንባታ ጊዜ ይወርዳሉ። በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. ሌፍት-ፓድ የተባለ ላይብረሪ ጸሐፊው ከማከማቻው ሲያነሳው በብዙ ቦታ ግንባታዎች ቆሙ። ላይብረሪው 11 መስመር ኮድ ብቻ ነበር፤ ሥራውም ጽሑፍን በግራ በኩል በባዶ ቦታ ወይም በሌላ ምልክት መሙላት ነበር። አብዛኞቹ የተቸገሩት ገንቢዎች ስሙን ሰምተውት አያውቁም፤ የሚጠቀሙት ላይብረሪ የሚጠቀመው ላይብረሪ ነበር የሚፈልገው። ኤንፒኤም ፓኬጁን በሰዓታት ውስጥ መለሰ፣ ከዚያም የታተመ ፓኬጅን የማንሳት ደንቡን አጠበቀ።

ኢንተርኔት በሌለበት መገንባት

ኢንተርኔት በማይደርስበት ወይም ዳታ ውድ በሆነበት ቦታ የጎደለ ላይብረሪ ተጨማሪ ጣጣ አለው፤ ስህተቱ ቢታወቅም ፓኬጁን ማምጣት አንድ ሌላ ሥራ ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ አፕት ፓኬጆችን ሳይጭን እንዲያወርድ ብቻ ማዘዝ ይቻላል፤ የወረዱት ፋይሎች በፍላሽ ተገልብጠው ወደ ሌላው ኮምፒዩተር ይሄዳሉ። የሁለቱ ኮምፒዩተሮች የሲስተም እትምና የፕሮሰሰር ዓይነት አንድ መሆን አለበት። ሌላም ወጥመድ አለ፤ አፕት የሚያወርደው በሚያወርደው ኮምፒዩተር ላይ የሌለውን ብቻ ነው። እዚያ ቀድሞ የተጫነ ጥገኛ ፓኬጅ ካለ ይዘለላል፣ ፍላሹ ላይም አይኖርም። በዚህ ምክንያት ማውረጃ የሚሆነው ኮምፒዩተር ብዙ ነገር ያልተጫነበት ቢሆን ይመረጣል።

አንድ ፕሮግራም በዲስትሪቢውሽኑ ማከማቻ ውስጥ ካለ «አፕት ቢልድ-ዴፕ» የተባለው ትእዛዝ ለመገንባት የሚያስፈልጉትን የዴቭ ፓኬጆች በአንድ ጊዜ ያመጣል፤ ለዚህ የሶርስ ኮድ ማከማቻው በአፕት ዝርዝር ውስጥ መከፈት አለበት። ለፓይተን «ፒፕ ዳውንሎድ» አንድን ፓኬጅ ከነጥገኞቹ ወደ ፎልደር ያወርዳል፤ በሁለተኛው ኮምፒዩተር ላይ ፒፕ ኢንተርኔቱን ትቶ ከዚያ ፎልደር ብቻ እንዲጭን ይታዘዛል። እዚህም የፓይተኑ እትም በሁለቱም በኩል አንድ ካልሆነ የወረዱት ዊሎች ላይገቡ ይችላሉ።